በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወቅት የደም መፍሰስን መቆጣጠር፦ ከደሴ አንጻር

በሕፃናት ቀዶ ሕክምና የደም መፍሰስን መቆጣጠር ምላጭ ከመነሳቱ በፊት የሚጀመር፣ ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ የሚቀጥል ሥራ ነው። የሕፃን ደም በኪሎ ግራም ክብደት ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በጠቅላላው 800 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ አለው። ለአዋቂ እምብዛም የማያሰጋው የ200 ሚሊ ሊትር መፍሰስ ከዚህ ልጅ ሩቡን ይወስዳል። ይባስ ብሎ የልጅ ሰውነት ጉዳቱን ይሸሽጋል፤ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ የደም ግፊቱ ግን ብዙ ደም እስኪፈስ ድረስ ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ደም የመጠጠው ጎዝ (የሕክምና ስስ ጨርቅ) ይመዘናል፤ የጨመረው እያንዳንዱ ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ደም ይቆጠራል።

ከምርመራዎች ሁሉ ርካሹ፣ በእኔ እምነትም ፈጽሞ መዘለል የሌለበት፣ እናትን መጠየቅ ነው። በወሎ ወንድ ልጅ፣ ክርስቲያን ቢሆን በተወለደ በ8ኛው ቀን፣ ሙስሊም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዘግየት ብሎ ስለሚገረዝ፣ «ሲገረዝ ደሙ ቶሎ ቆመለት?» የሚለው ጥያቄ ሄሞፊሊያን፣ ማለትም ደም በሚገባ የማይረጋበትን በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ሊጠቁም ይችላል። በሽታው በእናት በኩል ስለሚተላለፍ የእናቲቱ ወንድሞችም ታሪክ አብሮ ይጠየቃል።

በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደሴ ብርዱም ይታሰባል። የሰውነት ሙቀት ከ36 ዲግሪ ሲወርድ ደም የመርጋት አቅሙ ስለሚዳከም፣ ክፍሉንና በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ማሞቅ፣ ልጁንም መሸፈን ያስፈልጋል።

በቀዶ ሕክምናው መካከል የመጀመሪያው መሣሪያ በጎዝ በትዕግሥት መጫን ነው፤ ከዚያም የደም ሥሩ በክር ይቋጠራል ወይም በኤሌክትሪክ ይተኮሳል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያግዛል። ደም መስጠት ግድ ሲሆን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ተለክቶ ይሰጣል፤ ብዙ ደም ሊፈስ እንደሚችል ከታሰበም የሚስማማው ደም አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ ከዋጠ ደሙን እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ይህ መፍሰስ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ወይም ቁስሉ ሲላጥ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ የመጣ ቤተሰብ ከመሸኘቱ በፊት ምልክቱን በሚገባ እንዲያውቅ ይደረጋል።