ከንቲባን ማን ይሾመዋል? የአገሮች አስተዳደር ከጎንደር ሲታይ

«ከንቲባ» ለጎንደር ሰው አዲስ ቃል አይደለም። ማዕረጉ ከድሮ ጀምሮ በደምቢያና በጎንደር ይሰጥ የነበረ ሹመት ነው። ያኔ ሿሚውም ሻሪውም ንጉሡ ነበር። ዛሬ በሕጉ ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ከንቲባውን። የአገሮችን አስተዳደር ማነጻጸር ሲባል ብዙ ጊዜ «ፌዴራል ነው ወይስ አሃዳዊ?» ተብሎ ይጀመራል። እኔ ግን ከዚህች ወንበር መጀመር ይቀለኛል።

ፈረንሳይ በዚህ ከእኛ ትቀራረባለች። ኮሚዩን የሚባሉ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ የአካባቢ አስተዳደሮች አሏት፤ ከንቲባውን የሚመርጠው የኮሚዩኑ ምክር ቤት ነው። ግን መንግሥት የሚሾመው «ፕሬፌ» የሚባል ሹም አለ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1800 የዘረጋው ነው። እስከ 1982 ድረስ የከንቲባዎችን ውሳኔ ይቆጣጠር ነበር። አሁን ሕግ ተጥሷል ካለ ጉዳዩን ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይወስዳል።

ሆላንድ ታስገርማለች። የቆየ ዴሞክራሲ ነው፣ ከንቲባው ግን በንጉሥ ድንጋጌ ይሾማል፤ እጩውን የሚያቀርበው ምክር ቤቱ ቢሆንም። ስለዚህ ሹመት ሁሉ አፈና፣ ምርጫ ሁሉ ነፃነት ነው ብሎ መደምደም አያዋጣም።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ካውንቲ የሚባሉ 47 የአካባቢ አስተዳደሮች መሠረተች። ገዢዎቻቸውን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። ከአገሪቱ ገቢም ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲደርስ ተደንግጓል። መንደር ላይ ያለው «ቺፍ» ግን ዛሬም የናይሮቢ ሹመኛ ነው።

ሌላው ጥያቄ ባለሥልጣን ይከሰሳል ወይ የሚለው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር የአገራችን ሰው። ፈረንሳይ መንግሥትን የሚዳኙ የራሳቸው ፍርድ ቤቶች አሏት። እኛም በ2012 ዓ.ም. የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጥቶልናል፤ የሚመለከተው ግን የፌዴራል ተቋማትን ነው። አንድ የጎንደር ሰው መታወቂያ ሊያወጣ የሚሰለፍበት ቀበሌ ግን በክልሉ ሥር ያለ ስለሆነ አዋጁ አይደርስበትም።

ቀበሌም የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለእነሱ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኪራይ ሰብሳቢ ሆኖ ተወልዶ መታወቂያ ሰጪ ሆኖ ቀጠለ።