አክቲቭ ለርኒንግ ምንድን ነው?

ጎንደር መጥቶ ፋሲል መዋኛን ያየ ሰው እነዚያን ዛፎች አይረሳቸውም። ሥራቸው የድንጋዩን አጥር አቅፎ፣ እንደ ቀለጠ ሰም ቁልቁል ይወርዳል። ሰው ፎቶ ተነሥቶ ያልፋል። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ አንድ ጥያቄ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ።

«ይህ ሁሉ እንጨት ከምን መጣ? ዘሩ ጥፍር አያህልም፤ ግንዱ ግን ብዙ ኩንታል ነው። አንድ፣ ከአፈር። ሁለት፣ ከውሃ። ሦስት፣ ከአየር። አራት፣ ከፀሐይ ብርሃን። ዝም ብላችሁ አንድ ደቂቃ አስቡ። ከዚያ መልሳችሁን በጣታችሁ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሳዩኝ።»

ደረት ላይ ያልኩት ጎረቤት እንዳያይ ነው። ኩረጃ የጣት ምርጫ ላይም አለ።

አብዛኛው አንድ ጣት አወጣ። ከአፈር! የፎቶሲንተሲስን ቀመር በእንቅልፍ ልባቸው የሚወጡት ቀለሜዎች ሳይቀሩ። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ቀመር በስላይድ ያሳየኋቸው እኔ ነበርኩ። እነሱም በደብተራቸው ጽፈውታል። ደብተሩ ውስጥ ገብቷል፣ ልጆቹ ውስጥ ግን አልገባም።

«አሁን የተለየ ጣት ካወጣ ጎረቤታችሁ ጋር ተከራከሩ» አልኳቸው። ክፍሉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ከወገራ የመጣች አንዲት ልጅ ጓደኛዋን እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «እናቴ እንጀራ ስትጋግር አንድ ሸክም እንጨት ይነዳል። አመዱ ግን አንድ ቁና አይሞላም። ከአፈር ከሆነ፣ ሌላው የት ገባ?»

«ጭስ ሆነ» አላት።

«ጭሱስ የት ሄደ?»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እየሳቀ ጣቱን ከአንድ ወደ ሦስት ቀየረ።

አክቲቭ ለርኒንግ ማለት ይህ ነው። በአማርኛ አሳታፊ ትምህርት እንለዋለን። ተማሪው መልስ ከመሰጠቱ በፊት ራሱ መልስ ይመርጣል፣ ለመረጠው ምክንያት ያቀርባል፣ ስህተቱን ራሱ ይይዛል። መምህሩ የሚያብራራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ያን ቀን ማብራሪያዬ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የእንጨት ክብደት በአብዛኛው ካርቦንና ኦክስጅን ነው፤ ዛፉ የሚያገኛቸው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሃይድሮጅኑ ከውሃ ይመጣል። ብርሃኑ ጉልበት እንጂ ክብደት አይሰጥም። አፈሩ የሰጠው ማዕድን ያ አመድ ነው።

ልጆቹን አትፍረዱባቸው። ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው የአኻያ ችግኝ በገንዳ ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ። አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም ገደማ ነው። እሱም ታዲያ «ሁሉም ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ሥራው የታተመው በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ ምርጫ ሁለት ጣት ያወጣ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እኛ አገር አሳታፊ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አንድ ለአምስት ነው። ወይም ግሩፕ አሳይንመንት። አሳይንመንቱን አንዱ ይሠራዋል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ፣ ፕረዘንቴሽን ቀን ደግሞ አንዱ ከስላይድ ላይ ያነባል። ይህ ከሌክቸር በምን ይሻላል? ድሮ አንድ ሰው ያነብ ነበር፣ አሁንም አንድ ሰው ያነባል። ለውጡ አንባቢው ደመወዝ የማይከፈለው መሆኑ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ወንበር መግጠም አይደለም፤ እያንዳንዱ ጭንቅላት ለራሱ መልስ ማውጣቱ ነው።

አስመርጦ የማከራከሩን ዘዴ እኔ አልፈጠርኩትም። ኤሪክ ማዙር የተባለ የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠቀመበት መንገድ ነው። የእሱን መመሪያ ወድጄዋለሁ፦ ከ100 ተማሪ ከ30 እስከ 70 የሚሆነው ትክክለኛውን መልስ ካገኘ ያከራክሩ። ከዚያ ካነሰ እንደገና ያስረዱ። ከበለጠ ይለፉ። ለዚህ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ጣት አይጠፋም።

ጥቅሙስ? በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶች ተሰብስበው ተመረመሩ። በተለመደው ሌክቸር ከ100 ተማሪ ወደ 34 ሲወድቅ፣ በአሳታፊው 22 ገደማ ነበር። 12 ልጅ ማለት ነው። አንድ ዶርም ሞልቶ ይተርፋል።

ችግሩ ተማሪ አይወደውም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የሃርቫርድ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሳታፊ ክፍል የተማሩት በፈተና የተሻለ ቢያመጡም የተማሩ የመሰላቸው ግን ያነሰ ነው። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል። እኔም «ቲቸር ዛሬ ኖት አይሰጡንም?» የሚለውን ለምጄዋለሁ። ኤክዚት ኤግዛም ከመጣ ወዲህማ የሽምደዳው ጥማት ብሷል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ነገሩን የፈረንጅ ፋሽን ይሉታል። እኔ ግን የቆሎ ተማሪውን አስባለሁ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም። ቀን ጥግ ይዞ የራሱን ጉባኤ ቃና፣ አጭሩን ቅኔ፣ ይቆጥራል፤ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን የራሱ ናት። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸው ያርሙታል። ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። (ቅኔው የጎጃም፣ የጎንደር አቋቋም ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጀሁት ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው ዐቢይ ጾምን ጾሞ አሥር ኪሎ ስብ ቀነሰ እንበል። ያ ስብ በዋናነት በየት ወጣ? አንድ፣ በላብ። ሁለት፣ በሽንት። ሦስት፣ በትንፋሽ። አራት፣ ሙቀት ሆኖ ጠፋ። ጣታችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። መልሱን አልነግራችሁም፤ ያችን የወገራ ልጅ ግን አስታውሷት።