«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የቀን መቁጠሪያ አይደለም

ስለ ጎርፍና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲነገር የምንሰማቸው እንደ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ያሉ ስያሜዎች የዕድል ስሌት ውጤቶች ሆነው ሳለ፣ ብዙ ሰው ግን እንደ ቀጠሮ ይቆጥራቸዋል። ከዚህ የሚወለዱትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

«የመቶ ዓመቱ ጎርፍ አምና ከመጣ፣ የሚቀጥለው የልጅ ልጆቻችን ጉዳይ ነው።»

እውነታው፦ ስያሜው የሚናገረው በአንድ ቦታ፣ በየትኛውም ዓመት፣ ያን ያህል ወይም ከዚያ የከፋ ጎርፍ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ መሆኑን ብቻ ነው። ወንዝ አምና መሙላቱን አያስታውስም፤ ዘንድሮም ዕድሉ ያው 1 በመቶ ነው። የአሜሪካዋን ሂዩስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በሦስት ተከታታይ ዓመታት «የአምስት መቶ ዓመት» የተባለ ጎርፍ መትቷታል። እርግጥ ነው፣ ስሌቱ የሚሠራው ለአንድ ቦታ በመሆኑ፣ ብዙ ጅረቶች በሚያቋርጧት ሰፊ ከተማ ውስጥ ቢያንስ በአንዱ ጥግ የመከሰት ዕድሉ ከዚያ ከፍ ይላል።

«1 በመቶ ኢምንት ነው።»

እውነታው፦ ለአንድ ዓመት ከሆነ አዎን፤ በ30 ዓመት የባንክ ብድር ለተገዛ ቤት ግን አይደለም። ስሌቱ የሚጀምረው ከተቃራኒው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎርፉ ያለመምጣቱ ዕድል 0.99 ነው። 30ውም ዓመታት በሰላም የማለፋቸውን ዕድል ለማግኘት ሠላሳ 0.99ዎች እርስ በርሳቸው ይባዛሉ፤ ውጤቱ 0.74 ገደማ ነው። ስለዚህ ቤቱ በብድሩ ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመመታት ዕድሉ 26 በመቶ፣ ማለትም ከአራት አንድ ያህል ይሆናል።

አንዳንዶች ደግሞ በአቋራጭ 1 በመቶን በዓመታቱ ቁጥር ያባዛሉ። ይህ ለ10 ዓመት ብዙም አያሳስትም፤ ትክክለኛው 9.6 በመቶ ነውና። ለ100 ዓመት ግን «ሳይመጣ አይቀርም» ያሰኛል፤ ትክክለኛው ዕድል 63 በመቶ ነው። ለ200 ዓመትማ 200 በመቶ የሚል ትርጉም የለሽ መልስ ይሰጣል።

«የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን መምጣቱ አይቀርም።»

እውነታው፦ በመንቀጥቀጦች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ የጊዜ ገደብ አይደለም። በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1966 በሬክተር መለኪያ 6 ገደማ የሆኑ ስድስት የመሬት መንቀጥቀጦች ተከስተው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ በአማካይ 22 ዓመት ነው። ሳይንቲስቶች ይህን መሠረት አድርገው ቀጣዩ ከ1993 በፊት እንደሚመጣ ጠበቁ፤ ቦታውንም በመለኪያ መሣሪያዎች አጥለቀለቁት። የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 መገባደጃ ነበር። መንቀጥቀጥ በሚነሣባቸው የመሬት ቅርፊት ስንጥቆች ላይ ግፊት ቀስ በቀስ መጠራቀሙ እውነት ነው፤ አንዳንድ ስሌቶችም ይህን ከግምት ያስገባሉ፤ ሆኖም የሚሰጡት መልስ ከዕድል አያልፍም።

«ለ475 ዓመት መንቀጥቀጥ የተነደፈ ሕንፃ 475 ዓመት ይቆማል።»

እውነታው፦ አኃዙ የሚያመለክተው በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነን ንዝረት ነው። ስለ ሕንፃው ዕድሜ የሚለው ነገር የለም።

«አንዴ የተሰላ ዕድል አይለወጥም።»

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ የመቶ ዓመቱ ጎርፍ የሚገመተው ከዚያ ባጠረ የወንዝ መዝገብ ነው፤ አንድ ከባድ ዓመት ሲጨመርበት ግምቱ ይናጋል። ደኑ ሲመነጠር፣ መሬቱ በአስፋልት ሲሸፈንና አየር ንብረቱ ሲለወጥ ደግሞ ዕድሉ ራሱ ይለወጣል። ዓመታዊው ዕድል ከ1 ወደ 2 በመቶ ቢያድግ፣ ያ የ30 ዓመት ብድር ያለበት ቤት የመመታት ዕድሉ ከ26 ወደ 45 በመቶ ይደርሳል።