እኩይ ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የቶኒ ሞሪሰንን ልቦለድ «ሱላ»ን የሚያብራራ ሰው «ሱላ እኩይዋ፣ ኔል ደጊቱ ገጸ ባሕርይ ናት» ሲል ሰማሁት። የጓደኛዋን የኔልን ባል የወሰደች ሴት ሌላ ምን ትባላለች? ይላል።

እኩይ የፈራጅ ቃል ነው። ቃሉ በተነሳ ቁጥር «ማን ነው እንዲያ ያላት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ መንገድ የሚዘጋ ባላንጣም እኩይ አይደለም፤ ባላንጣ ደግ ሊሆን ይችላል። ሱላን እኩይ የሚላት ቦተም ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለው የጥቁሮች ሰፈር። ከሚከሳት ነገር አንዱ አያቷን ኢቫን መጦሪያ ቤት ማስገባቷ ነው። ያችው ኢቫ ግን ከጦርነት በሱስ ተጎድቶ የተመለሰ ልጇን በተኛበት አቃጥላዋለች። አስተያየት ሰጪው ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ቦተም ክፉ ያላትን ሱላን አላባረራትም፣ አልገደላትም። ለሰፈሩ ሰው ክፋት እንደ ጎርፍ ነው፤ ይመጣል፣ ችለው ያሳልፉታል። እንዲያውም ሱላ የሚደገፉት ግድግዳ ሆነችላቸው። ልጇን ቲፖትን ችላ ትል የነበረች እናት፣ ሱላ ገፍትራ ጣለችው ብላ ካመነች በኋላ ትንከባከበው ጀመር። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሱላ ስትሞት ግድግዳው ተነሳ፤ የተደገፈው ሁሉ ተንገዳገደ፤ ያቺው እናት ልጇን መልሳ ደበደበችው። ኔልም ደግነቷን ያስደገፈችው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነበር። ሱላ ልትሞት ስትል ጠይቃታለች፦ ደጊቱ አንቺ እንደሆንሽ በምን አወቅሽ? ምናልባት እኔ ብሆንስ?

(ልቦለዱ የሚተረከው በሁሉን አወቅ ተራኪ ነው። ይህ ግን ተራኪው ፍርድ ሰጥቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሰፈሩን ሐሜት በሰፈሩ አንደበት ይነግረናል። ተማሪዎቼም እዚህ ላይ ይስታሉ።)

ኔል ያልመለሰችው ጥያቄ በ1965 ተመልሶ ይመጣባታል። በ1922 ሁለቱም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳሉ፣ ሱላ ቺክን ሊትል የተባለውን ሕፃን እጆቹን ይዛ ስታሽከረክረው አምልጧት ወንዝ ገባ። ውሃው ተከደነ። ኔል እዚያው ቆማ ነበር። አሁን ያረጀችው ኢቫ መጦሪያ ቤት ሆና ኔልን ሕፃኑን እንዴት እንደገደለችው ትጠይቃታለች። ሱላ ናት ብትላት፣ አንቺም ሱላም ያው ናችሁ፣ ተመልክተሽ የለም ወይ? ትላታለች። ኔል ማየትና መመልከት ይለያያሉ ብላ ከራሷ ጋር ትሟገታለች፤ ዓይን ላይ የወደቀ ነገር ይታያል፣ የሚመለከት ግን ዓይኑን አይነቅልም። ከዚያ ሕፃኑ ሲያመልጥ የተሰማት ደስ የሚል ስሜት ትዝ ይላታል።

የሁለቱ ጓደኝነትም ጥሩና መጥፎ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለም። ሱላ ነፍሷ ስትወጣ የመጨረሻ ሐሳቧ ሞት እንዳላመማት ለኔል መንገር ነው። ኔል ደግሞ ለዓመታት የናፈቀችው ባሏን ጁድን ይመስላት ነበር። ከመቃብር ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ የሱላን ስም ስትጠራ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የናፈቀችው እሷን እንደነበር የገባት።