ከደሴና ከኮምቦልቻ በሞተር ወጥቶ ማደር፦ ቡናው እና ስንቁ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች በሞተር ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ማደር ገና ወጣት ልማድ ነው። የሚበላውና የሚጠጣው ግን የድሮ መንገደኛ ስንቅ ነው፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ቡና። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከሞተረኞች ልምድና ስንቅ ቋጥረው ከሚሸኙ እናቶች እውቀት ነው። ስለዚህ ስለ ቡናውና ስለ በሶው ብዙ፣ ስለ ሌላው ጥቂት ይላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሀረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ግን አየሩ እንደተለወጠ ወዲያው ይገባዋል። ለውጡ ድስት ውስጥም አለ። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92 አካባቢ። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ጥሬ ባቄላ ወይም ምስር ጥዶ የሚጠብቅ ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል። እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ከሰሉ አልቆ ጥሬው ሳይበስል ይመሻል።

የጥንቱ መንገደኛ ይህን በዲግሪ አልለካውም። ግን መላውን አግኝቶለታል፦ እህሉን ቤት ውስጥ አብስሎ መውጣት። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ እሳት አይጠይቅም። ሽሮ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለሚዘጋጅ ቶሎ ይደርሳል። ድርቆሽ አንዴ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለቀናት ይቆያል፣ ክብደቱም ላባ ነው። የሲራራ ነጋዴውም ዘማቹም በዚህ ስንቅ ነው የተጓዙት።

ወደ ቡናው እንምጣ። በወሎ ቡና የሚፈላው ለሰው ነው። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ቢኖርም ጎረቤት ሳይጠራ ደስ አይለውም። ይህ ልማድ ድንኳን አጠገብም ይሠራል። ሁለት ሆነው የሚወጡ ሞተረኞች አምስት ስድስት ሲኒ ይይዛሉ። ጢሱን አይቶ እረኛው ይመጣል፤ ከማሳው የሚመለስ አባወራም ጎራ ይላል። «ኑ ቡና ጠጡ» ሳይባል የሚያልፍ ሰው የለም። ምርቃት ወይም ዱዓ የሚያደርጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ እንግዶች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን ከእስልምና ጋር አያይዘው ይርቁት እንደነበር ይነገራል። በምኒልክ ዘመን ግን ነገሩ እየላላ መጣ። በወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ጀበና ዙሪያ መቀመጥ የጀመሩት ከሌላው አገር ቀድመው ሳይሆን አይቀርም። የሸክላ ጀበና ቡና ከአሉሚኒየሙ ይጣፍጣል የሚለው ግን ጭራሽ አያከራክርም።

ችግሩ ሸክላው ሞተር አይወድም። ኮረኮንች ላይ የሚሰበረው ሆዱ ሳይሆን አንገቱ ነው። ስለዚህ ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ ድንኳኑ በታሰረበት ጥቅልል መሃል ይገባል፤ ከጎን ሻንጣ ውስጥ ከብረት ዕቃ ጋር አይቀመጥም። እኔ አንዱን በዚህ ስህተት ሀረጎ ላይ አጥቻለሁ። የእናቴ ጀበና ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማንኛውም ነዳጅ ደግሞ ከቡና ይራቅ። ቡና ሽታ ይስባል። ከላምባ ወይም ከቤንዚን ጋር በአንድ ሻንጣ የዋለ ቡና ቢቆሉት ቢያፈሉት ላምባ ላምባ ይላል። የተፈጨ ቡናም ቶሎ ሽታውን ይለቃል። ለአንድ አዳር ቤት ተወቅጦ በደንብ የታሰረ ይበቃል። ለሦስት ቀን ግን ጥሬውን መያዝ ይሻላል። ከሰል ላይ በትንሽ ብረት ምጣድ ታጥቦ ይቆላል። ዘነዘና ከሌለ በጨርቅ ተቋጥሮ በድንጋይ ይደቆሳል። ደቃቅ ባይሆንም ግድ የለም።

አፈላሉ እንደ ቤቱ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይሞቃል፣ ከዚያ ቡናው ይጨመራል። አንገቱ ላይ ሲገነፍል ትንሽ በሲኒ ተቀንሶ ጋብ ሲል መልሶ ይጨመራል። ሲወርድ ጀበናው ዘንበል ብሎ ይሰክናል። ቤት ማቶት አለ፤ ሜዳ ላይ ሳር ጠምዝዞ ክብ መሥራት ወይም የአንገት ልብስ መጠቅለል ያው ነው። አተላው ሳይዘቅጥ የተቸኮለ ቡና አቦሉ ይበላሻል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ሞተር ማስነሳት ደግ አይደለም ይላሉ። ስኳር ያልያዘ ሰው አይጨነቅ፤ ገጠር ውስጥ በጨው ማቅረብ የታወቀ ነው። ቆንጠር የተደረገ ጤና አዳም ካለማ የበለጠ።

ለምግቡ ቀዳሚው በሶ ነው። ብጥብጡ ለመንዳት ቀን ይመቻል። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ውሃ፣ ሦስት አራት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር ወይም ስኳር፤ ክዳኑን ዘግቶ መነቅነቅ ነው። ጠዋት ደግሞ በጨውና በውሃ አሽቶ ጭብጦ ማድረግ ይቻላል። ሲጨበጥ እጅ ላይ ካልተጣበቀ ልኩ ደርሷል።

ማታ ሽሮ ይሠራል። ሽንኩርት በዘይት፣ በርበሬ፣ ውሃ፣ ከዚያ ሽሮው እየተማሰለ ይገባል። ድርቆሹ እዚያው ድስት ውስጥ ቢነከር ፍርፍር ይሆናል፤ ሁለተኛ ዕቃ አይታጠብም። እንቁላል የሚይዝ በጭድ ወይም በእህል መሃል ቀብሮ ይያዝ።

እዚህ ላይ የወሎን ወግ ማንሳት ይገባል። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ሲወጡ ሥጋ አይያዝም፤ እርዱ ስለሚለያይ። በጾም ቀን ከሆነ እንቁላሉም ይቀራል። ሽሮና በሶ ግን ሁሉንም ከአንድ ትሪ ያበላሉ። ሐይቅ ዳር ያደረ ደግሞ ቆሮሶ ዓሣ ያገኛል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያለው የሐይቅ ዳርቻ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በኖሩበት በእስጢፋኖስ ገዳም ይታወቃል። ወንድ ብቻ የሚገባበት ገዳም ስለሆነ ድንኳን በአቅራቢያው ከመትከል በፊት የአካባቢውን ሰው ማስፈቀድ ነው። ወደ ባቲ የሚወርድ ሙቀቱን አስቦ ውሃ ያብዛ፤ ሰኞ ቢደርስ ገበያ ያገኛል። ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን አለ፤ እዚያ እሳት ባይነድ እመርጣለሁ።

እሳት ላይ ቀልድ የለም። ከጥቅምት በኋላ ሳሩ ይደርቃል፣ የባህር ዛፍ ቅጠልም ዘይት ስላለው እንደ ክብሪት ይያያዛል። በበልግና በክረምት ደግሞ እንጨቱ ይረጥባል፤ ያኔ ከሰል በፌስታል አስሮ መያዝ ግድ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደሴ ዙሪያ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ብዙ ሰው ፍሙን ድንኳን ውስጥ ማስገባት ይመኛል። እንዳታደርጉት። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ የቀረ ሰው ስንት ነው። ፍሙ ውጭ ይደር፤ ጋቢ ይጨመር።

ጠዋት የመጨረሻው ሥራ እሳቱን ማጥፋት ነው። የጀበናው እጣቢ አመዱ ላይ ይደፋል፣ በእንጨት ይገላበጣል፣ እንደገና ውሃ ይጨመራል። የእጅ ጀርባ አመዱ ላይ ተደርጎ ሙቀት ካልተሰማ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።