“ሚሊዮን ሰው ከፈረመ ሕግ ይሆናል”፦ ስለ እንስሳት ፊርማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አውሮፓ ውስጥ ለእንስሳት ደኅንነት ፊርማ ሲሰበሰብ፣ ሐበሾች መሀል የሚባሉ ነገሮች አሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

“ሚሊዮን ሰው ከፈረመ ሕግ ይሆናል”

አይሆንም። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ሚሊዮን ትክክለኛ ፊርማ ከተሰበሰበ፣ ቢያንስ 7 አገሮችም የየራሳቸውን ዝቅተኛ ቁጥር ካሟሉ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱ ረቂቅ ሕግ አቅራቢ አካል) ጥያቄውን መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ግዴታው ይኸው ነው። የእርባታ እንስሳት ከኬጅ (ከጠባብ የሽቦ ሳጥን) ይውጡ የሚለው ዘመቻ በ2018 ተጀምሮ 1.4 ሚሊዮን ያህል ትክክለኛ ፊርማ አገኘ። ኮሚሽኑም በ2021 “እስከ 2023 መጨረሻ ረቂቅ ሕግ አቀርባለሁ” ብሎ ቃል ገባ። 2023 አለቀ። ስለ እንስሳት ማጓጓዝ፣ ስለ ውሻና ድመት ረቂቅ ቀረበ፤ የኬጁ ግን አልቀረበም። የኅብረቱ ሕግ በኬጅ ውስጥ ለአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያዘው ቦታ ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የፊርማ ቅጹ ከሚታተምበት ኤ4 ወረቀት ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ ክንፍ መዘርጋት አይታሰብም። ለዚህ ነው የቃሉ መታጠፍ በጣም የሚያናድደኝ።

“እንግዲያው መፈረም ዋጋ የለውም”

ይህም ልክ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ቡችላና የድመት ግልገል ራሱ ሳያረባ ገዝቶ በሚሸጥ ነጋዴ በኩል እንዳይሸጥ ከ100,000 በላይ ሰው ፈረመ። በ2018 ፓርላማ ተከራከረበት፤ ክልከላው በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። ፊርማው ብቻውን አይደለም ይህን ያመጣው፣ ዓመታት የለፉ ሰዎች ነበሩበት። በር የከፈተው ግን እሱ ነው።

“አውሮፓ እስከኖርኩ ድረስ እፈርማለሁ”

ለኅብረቱ ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃድ አይበቃም። የአንዱ አባል አገር ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። የብሪታንያ ፓርላማ ግን ነዋሪንም ይቀበላል። ስለዚህ ለንደን የምትኖር እህታችን የእንግሊዝ ፓስፖርት ባይኖራትም እዚያ መፈረም ትችላለች።

“ለባለቤቴም እኔው ልፈርምለት”

በፍጹም። አንድ ሰው ለራሱ፣ አንዴ ብቻ። የየአገሩ ባለሥልጣን ፊርማዎቹን ያጣራል፤ በአንዳንድ አገር የመታወቂያ ቁጥርም ይጠየቃል። ስህተት ያለበት ይወድቃል። ሰብሳቢዎች ሁልጊዜ ትርፍ የሚይዙትም ለዚህ ነው።

“ስሜ የሆነ ቦታ ተይዞ ይቀራል”

የኅብረቱ ደንብ ሰብሳቢዎች መረጃውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያጠፉ ያስገድዳል፤ ለሌላ ጉዳይም ሊጠቀሙበት አይችሉም። የኢሜይል ጥያቄ ከፊርማው የተለየ ነው። ዜና እንዲላክላችሁ ካልፈለጋችሁ ባዶውን ተዉት፤ ፊርማችሁ ይቆጠራል።