ተከታይ ፊልም ምንድን ነው?

ፊልም የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል። «አንደኛው ይሻላል!» «ኧረ ተው፣ ሁለተኛው ነው እንጂ!» ተርሚኔተር ላይ የተስማሙት ጎድፋዘር ላይ ይለያያሉ። ጃውስ ሲነሳ ደግሞ «እሱም ክፍል ሁለት አለው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የምንከራከረው የትኛው የበለጠ እንዳዝናናን ነው። ተከታይ ፊልም ሥራው ምን እንደሆነ ሳንነጋገር የትኛው እንደተሳካለት መፍረድ ይከብዳል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻም እናገራለሁ፤ ያላየ ሰው መጀመሪያ አይቶ ቢመለስ ይሻላል።

ተከታይ ፊልም ማለት ቀድሞ የወጣ ፊልም ካቆመበት ተነስቶ ታሪኩን የሚቀጥል ፊልም ነው። ሰዎቹ፣ ካልሆነም ያ ዓለም፣ ይቀጥላል። ጊዜው ወደፊት ይሄዳል። በመጀመሪያው የሞተ ሞቷል፤ የተጣላም እንደተጣላ ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ፊልም በፊት የነበረውን ከነገረን ፕሪኩዌል እንለዋለን። ከ1999 ጀምሮ የወጡት ሦስቱ የስታር ዋርስ ፊልሞች እንዲህ ናቸው። ያንኑ ታሪክ በሌሎች ተዋንያን እንደገና ከሠሩት ደግሞ ሪሜክ ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ኪንግ ኮንግ በ1933 ወጥቶ ገበያው ሲደራ፣ ልጁን የሚያሳየው ሰን ኦፍ ኮንግ ያው ዓመት ሳያልቅ ሲኒማ ቤት ገባ። ለምን እንደተቸኮለ ግልጽ ነው። አዲስ ፊልም ለሕዝብ ማስተዋወቅ ብዙ ብር ይፈልጋል፤ ስሙ የታወቀ ፊልም ግን ግማሹን ሥራ ራሱ ይሠራል። አምራቹ ተመልካቹን ከዜሮ ጀምሮ መፈለግ የለበትም። ስለዚህ «ለገንዘብ ብለው ነው የሠሩት» የሚለው ወቀሳ እውነት ቢሆንም ብዙ አያስረዳም። ምርጦቹም መጥፎዎቹም የተሠሩት ለገንዘብ ነው።

እኔ የምለየው በሌላ ነገር ነው። ማንኛውም ፊልም የሚጀምረው ምንም የማያውቅ ተመልካች ይዞ ነው። ተከታይ ፊልም ግን ትዝታ ያለው ተመልካች ይዞ ይጀምራል። የፈራነው ፊት አለ፣ ያለቀስንለት ሰው አለ፣ በቃላችን የያዝነው ንግግር አለ። ጥሩ ክፍል ሁለት በዚህ ትዝታ አንድ ነገር ይሠራበታል። ደካማው ትዝታውን ቀስቅሶ ትኬት ከሸጠ በኋላ እዚያው ይተወዋል።

ይህን ከተርሚኔተር የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። የ1984ቱ ተርሚኔተር በ6 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የተሠራ ትንሽ ፊልም ነበር። ሣራ ኮነር ሎስ አንጀለስ ውስጥ የምትኖር ተራ የሬስቶራንት አስተናጋጅ ናት። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ደግሞ እሷን ለመግደል ከወደፊቱ ዘመን የተላከ ማሽን ነው። አይደክምም፣ አይለመንም፣ አይመለስም። ይህን ፊልም ያየ ሰው ያንን ፊት ሲያይ ሮጦ ማምለጥ ነው የሚያምረው።

ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ1991 ክፍል ሁለትን ይዞ ሲመጣ በጀቱ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አድጎ ነበር። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለዚያ ገንዘብና እንደ ፈሳሽ ብረት ስለሚቀልጠው ጠላት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ የተሠራው በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ከወደፊቱ ይመጣሉ። አንደኛው የምናውቀው አርኖልድ ነው። ሌላው ቀጠን ያለ፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ሁለቱም የሣራን ልጅ ጆንን ይፈልጋሉ። የቀድሞውን ያየ ተመልካች ለፖሊሱ ያግዛል።

ከዚያ የገበያ ማዕከሉ ኮሪደር ይመጣል። ጆን በአርኖልድና በፖሊሱ መሃል ነው። አርኖልድ የጽጌረዳ አበባ ካርቶን ይዟል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ጠመንጃ ይወጣል። ልጁን «ዝቅ በል!» ይለውና በላዩ አሻግሮ ፖሊሱን ይተኩሳል። ገዳይ ያልነው ጠባቂ ሆነ። ይህ ግርምት የመጀመሪያውን ፊልም ላላየ ሰው ግማሽ ዋጋ የለውም። የተሠራው ከትዝታችን ነው።

ሣራም እንደዚሁ። ያቺን አስተናጋጅ ስንጠብቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተቆልፎባት እናገኛታለን። የብረት አልጋዋን አቁማ፣ እግሩን እንደ ዘንግ ይዛ፣ ራሷን ወደ ላይ እየሳበች ስፖርት ትሠራለች። ክንዷን ማየት ብቻ ይበቃል፤ በመሃል ያለፉትን ዓመታት ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ስታመልጥ ሊፍቱ ይከፈትና አርኖልድ ይወጣል። ሣራ ሸርተት ብላ ትወድቃለች፣ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ ትሸሻለች። እኛ ሊረዳት እንደመጣ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። እጁን ዘርግቶ «መኖር ከፈለግሽ ከእኔ ጋር ነይ» ይላታል። ይህን ቃል በመጀመሪያው ፊልም የነገራት ሊያድናት የመጣው ካይል ሪስ ነበር፤ የወደደችውና የሞተባት ሰው። አሁን ያንኑ ቃል የምትሰማው እሱን ለሞት ያበቃውን ማሽን ከሚመስል ፍጡር አፍ ነው። ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ አይቼው እስካሁን ልቤን ይነካኛል።

መጨረሻው ደግሞ አለ። በ1984ቱ ፊልም ሣራ ማሽኑን በፋብሪካ መጭመቂያ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን ትጫናለች። በ1991ዱም ቁልፍ የምትጫነው እሷው ናት። በዚህኛው ግን ማሽኑ ራሱን ማጥፋት አይችልምና ወደ ቀለጠው ብረት እንድታወርደው ይጠይቃታል። መጀመሪያ እጁን ትጨብጠዋለች። «አክተር አይሞትም» እየተባልን በቪዲዮ ቤት ላደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት ከባድ ነበር። አክተሩ ሞተ፤ ያለቀስንለት ደግሞ በፊት ሙት ብለን የተመኘንለት ያው ፊት ነው።

አሁን ጃውስ 2ን እንይ። የ1975ቱ የስቲቨን ስፒልበርግ ጃውስ ታሪክ የተገነባው ማንም የማይሰማው የፖሊስ አዛዥ ላይ ነው። ባሕሩ ውስጥ ሻርክ አለ ይላል፣ ሹማምንቱ የበጋ ገበያችን ይበላሻል ይላሉ፣ ሰው ይሞታል። በ1978 ስፒልበርግ የሌለበት ክፍል ሁለት መጣ። ያው አዛዥ፣ ያችው ከተማ፣ አሁንም ሻርክ አለ ይላል፣ አሁንም አያምኑትም፤ ጭራሽ ከሥራ ያባርሩታል። ያ ሁሉ ሰው አልቆ እንዴት አያምኑትም? ተመልካቹ የሚያስታውሰውን የከተማው ሰው ረስቶታል። ፊልሙ ጥሩ ጥሩ ትዕይንቶች አሉት፤ አዛዡን የሆነው ሮይ ሻይደርም በደንብ ይጫወታል። ግን ታሪኩ እንዲቀጥል የመጀመሪያው ፊልም እንዳልተፈጸመ መቆጠር አለበት። ብዙ ክፍል ሁለቶች የሚወድቁት እዚህ ነው።

የአንድ የማፊያ ቤተሰብ ታሪክ የሆነው ጎድፋዘር ላይ ክርክሩ ይከራል፤ መክረሩም ተገቢ ነው። የ1972ቱም የ1974ቱም በኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብለዋል። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ተከታይ ፊልም ክፍል ሁለት ነው። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ መጀመሪያ ላይ ሊሠራው አልፈለገም ነበር፤ ማርቲን ስኮርሴዚ ይሥራው ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ስቱዲዮው እምቢ አለ። በመጨረሻ ሲሠራው ግን ወደፊትም ወደ ኋላም ሄደ። በአንድ በኩል ልጁ ማይክል በ1950ዎቹ መጨረሻ የአባቱን ሥልጣን ይዞ እናያለን። በሌላ በኩል አባትየው ቪቶ ገና ሕፃን ሆኖ በ1901 ከሲሲሊ ሸሽቶ ኒውዮርክ ሲደርስ፣ አድጎም ቤት ሲመሠርት እናያለን። ማርሎን ብራንዶ በሽምግልናው የተጫወተውን ሰው ሮበርት ዴ ኒሮ በወጣትነቱ ተጫወተው። ለዚሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለቱም ኦስካር አሸንፈዋል።

በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ኬይ ቆማ ስታይ የባሏ የማይክል ቢሮ በር ይዘጋባታል። የሚዘጋው ከሰዎቹ አንዱ ነው። በክፍል ሁለት ኬይ ልጆቿን ልታይ ተደብቃ ትመጣለች። ልትወጣ ስትል ማይክል ይደርስባታል። አንድም ቃል ሳይናገር በሩን ፊቷ ላይ ራሱ ይዘጋዋል። በመጀመሪያው ሰዎቹ ይሠሩለት የነበረውን አሁን በገዛ እጁ ያደርገዋል። ሁለቱን በሮች አጠገብ ለአጠገብ ያላስቀመጠ ተመልካች ሰውየው ምን ያህል እንደወረደ ሙሉ በሙሉ አያየውም። የትኛው ይሻላል ካላችሁኝ፣ ለታሪክ አተራረክ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሐዘኑ ግን ሁለተኛው ላይ ነው ያለው።

ጊዜ ራሱ ትዝታ የሚሆንበትም አለ። ቶይ ስቶሪ በ1995 ሲወጣ ያዩት ልጆች፣ ሦስተኛው በ2010 ሲመጣ ጎልማሶች ሆነው ነበር። ፊልሙም ይህን አውቆ የአሻንጉሊቶቹን ባለቤት አንዲን ኮሌጅ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ አሳየን። ልጅነቱን የተሰናበተው አንዲ ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውም አብሮ ተሰናበተ።

ከክርክሮቹ ሁሉ የሚከብደው «የትኛውን ነው የምንቆጥረው?» የሚለው ነው። ከ1991 በኋላ በ2003፣ በ2009ና በ2015 ሦስት የተርሚኔተር ፊልሞች ወጡ። በ2019 የወጣው ዳርክ ፌት ደግሞ እነዚያን ሦስቱን ትቶ በቀጥታ ከክፍል ሁለት ቀጠለ። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ግን ፊልሙ ገና ሲጀመር፣ በሁለት ፊልም ሙሉ ለማዳን የተለፋለት ጆን ኮነር ይገደላል። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ይህም ትዝታን መጠቀም ነው የሚሉ አሉ፤ ይገባኛል። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ያ ማሽን ወደ ቀለጠው ብረት የወረደው ለዚያ ልጅ ነበር። ያንን መስዋዕትነት በደቂቃዎች ውስጥ ከንቱ ካደረጉት በኋላ ቀሪውን ፊልም በልብ መከተል አቃተኝ።

ገና ላላየ ሰው ምክሬ ይህ ነው። የ1984ቱን ተርሚኔተር መጀመሪያ እዩ፤ ምስሉ ቢያረጅም አትዝለሉት። ከዚያ የ1991ዱን ማስታወቂያውን ሳትከፍቱ ጀምሩ። በዘመኑ ማስታወቂያው አርኖልድ ጠባቂ መሆኑን አስቀድሞ ስለተናገረ ብዙ ሰው ያንን የኮሪደር ግርምት ተነጥቋል። ጎድፋዘርን በወጣበት ቅደም ተከተል እዩት፤ የቪቶን ልጅነት ለይቶ ማስቀደም ሁለቱን ዘመናት ያለያያቸዋል፤ ፊልሙ ደግሞ የሚሠራው አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። የ1990ውን ሦስተኛ ክፍል ማየት የሚፈልግ ደግሞ ኮፖላ በ2020 እንደገና አርትዖ ያወጣውን ይምረጥ። አጠር ያለ ነው፤ አጀማመሩና አጨራረሱም ተቀይሯል። ከሁለቱ አይደርስም፣ ግን ከቀድሞው ቅጂ በጣም ይሻላል።